ትል፣ ብረትና የሕፃናት ደም ማነስ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ልጅ ሲገረጣ የሰፈር ሰው ቀድሞ የሚለው "ትል ይሆናል፣ መድኃኒቱን ስጪው" ነው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ በአንድ ክኒን አያልቅም። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ይመለከታሉ። የዓመተ ምሕረቱ አቆጣጠር የአውሮፓውያን ነው።

ትል ደም ማነስ ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ግን ሁሉም ትል አይደለም፣ መንገዱም አንድ አይደለም። አንዱ ደሙን ራሱን ይጠጣል። ሌላው አንጀቱን ያውክና ከምግብ የሚገኘው ነገር እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ትል ያልሆነው የወባ ጥገኛ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሶችን ያፈርሳል። ስለዚህ "ትል አለበት" ሲሉዎት ቀጥለው "የትኛው? ብዙ ነው ወይስ ጥቂት?" ብለው ይጠይቁ። ሕክምናው የሚለያየው እዚያ ላይ ነው።

ዋናው ደም ጠጪ የትኛው ነው?

መንጠቆ ትል። 1 ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን ትል ነው። የትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ነክሶ ይጣበቃል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ስለሚለቅ፣ ቦታ ቀይሮ ሌላ ጋ ሲነክስ እንኳ የቀድሞው ቁስል መድማቱን ይቀጥላል።

ሰውን የሚይዙት ዋና ዋናዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ኔካቶር የሚባለው አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊሊትር ገደማ ደም ያስወጣል። አንኪሎስቶማ የሚባለው እስከ 0.2 ሚሊሊትር ይደርሳል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። እስቲ እናስላው። ልጁ ሆድ ውስጥ 50 ኔካቶር ቢኖሩ በቀን 1.5 ሚሊሊትር ደም ይፈሳል። 1 ሚሊሊትር ደም 0.4 ሚሊግራም ገደማ ብረት ይይዛል። ስለዚህ በየቀኑ 0.6 ሚሊግራም ብረት ወደ አንጀት ይወጣል። የተወሰነው ተመልሶ ይመጠጣል፣ የቀረው በሰገራ ይሄዳል። የ2 ዓመት ልጅ ደግሞ ከምግቡ በቀን ወደ ደሙ የሚያስገባው ብረት ከ1 ሚሊግራም እምብዛም አያልፍም። እሱም ለዕድገቱ የሚፈልገው ነው። ገቢው ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ፣ ያቺ ትንሽ ፍሳሽ በወራት ውስጥ የሰውነቱን የብረት ክምችት ባዶ ታስቀራለች።

ልብ ይበሉ፣ እዚህ ላይ የተበላሸው መመጠጡ አይደለም። እንዲያውም ሰውነት ብረት ሲያጣ ከምግብ የሚወስደውን ይጨምራል። ችግሩ የሚፈሰውን አለመተካቱ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ስዊዘርላንድ ውስጥ የጎታርድ የባቡር ዋሻ ከ1872 እስከ 1882 ሲቆፈር ሠራተኞቹ እየገረጡ አቅም አጡ። በ1880 ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ኤድዋርዶ ፔሮንቺቶ በሽታውን ከመንጠቆ ትል ጋር አያያዘው። ዋሻው ሞቃትና እርጥብ ነበር፣ ሠራተኞቹም እዚያው ይጸዳዱ ነበር። የትሉ እጭ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከተበከለ እርጥብ አፈር ተነስቶ የባዶ እግር ቆዳ በስቶ ይገባል። ገና የማይራመድ ሕፃን ላይ ብዙም የማይታየውም ለዚህ ነው። ልጁ በባዶ እግሩ ደጅ መሮጥ ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል።

ወስፋትስ? ከልጄ ሰገራ ጋር ሲወጣ አይቻለሁ።

ማየቱ ያስደነግጣል፤ እስከ 30 ሴንቲሜትር ሊረዝም ይችላል። ነገር ግን ወስፋት ደም አይጠጣም። አንጀት ውስጥ እየዋኘ የልጁን ምግብ ይሻማል፣ የምግብ ፍላጎቱን ይቀንሳል፣ ቫይታሚን ኤ እንዳይመጠጥ ያውካል። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ሰውነት ያከማቸውን ብረት በደንብ አይጠቀምበትም። ስለዚህ ጉዳቱ በጓሮ በር የሚመጣ ነው። ሲበዛ ደግሞ አንጀት ይዘጋል፤ ያ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው።

ጅራፍ ትል የሚባልም አለ፤ የሚኖረው በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ጥቂት ከሆነ ምንም ላይሰማ ይችላል። በመቶዎች ሲቆጠር ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ አንዳንዴም የልጁ ፊንጢጣ ወደ ውጭ ይወጣል። ማታ ማታ መቀመጫ የሚያሳክኩት ትናንሽ ነጭ ትሎች ደግሞ እንቅልፍ ከመንሳት ባለፈ ደም ማነስ አያመጡም።

ጃርዲያና አሜባስ?

ጃርዲያ ትል ሳይሆን በዓይን የማትታይ ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ ናት። የትንሹን አንጀት የላይኛውን ክፍል ትሸፍንና ምግብ የሚመጥጡትን ጥቃቅን እጥፋቶች ታጎሳቁላለች። ሰገራው ይሸታል፣ ቅባት ይኖረዋል፣ ሆዱ ይነፋል። ስብ፣ ዚንክና ቫይታሚኖች ሳይመጠጡ ያልፋሉ። ብረትም በዋናነት የሚገባው በዚያው በኩል ስለሆነ፣ ለሳምንታት የቆየ ጃርዲያ ብረቱንም ሊነካው ይችላል።

አሜባ አንጀት ሲያቆስል ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። ግን እኛ አገር የሆድ ቁርጠት ሁሉ "አሜባ ነው" ይባላል። ያለ ምርመራ የሚሰጥ የአሜባ ሽሮፕ ለደም ማነስ መልስ አይሆንም።

ጨጓራ ባክቴሪያ የምንላት ሄሊኮባክተርም እዚህ ጥያቄ ውስጥ ትገባለች። ጥገኛ ትል አይደለችም፣ ባክቴሪያ ናት። የጨጓራን አሲድ ልትቀንስ ትችላለች፤ የእህልና የጥራጥሬ ብረት ደግሞ ለመሟሟት አሲድ ይፈልጋል። ትል ታክሞ፣ አይረንም (የብረት መድኃኒት) ተሰጥቶ ሳይሻለው የቀረ ልጅ ካለ ሐኪሙ እሷንም ያስባል።

ልጄ ጥሩ ይበላል። ብረቱ የት ይገባል?

ጉበታችን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ኢንፌክሽን ሲኖር ሄፕሲዲን ይጨምራል፤ ያን ጊዜ አንጀት ከምግብ የወሰደውን ብረት ወደ ደም አያሳልፍም፤ በክምችት ያለውም እዚያው ይታገታል። ይህ የሰውነት መከላከያ ነው። ብዙ ጀርሞች ለመራባት ብረት ይፈልጋሉና ሰውነት ይደብቅባቸዋል።

ለአንድ ሳምንት ሲሆን መልካም ነው። ዛሬ ወባ፣ በሳምንቱ ተቅማጥ፣ ከዚያ ሳንባ ምች እያለ የሚቀጥል ልጅ ላይ ግን መግቢያው ተዘግቶ ይከርማል። ሳህኑ ላይ ብረት አለ፣ ሆዱም ውስጥ አለ፣ ደሙ ግን አያገኘውም።

ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ይባል የለ እንዴ?

ይባላል፣ በላቦራቶሪም ከፍ ያለ ቁጥር ይወጣል። ግን የዚያ ብረት ትልቅ ድርሻ በአውድማ ላይ ሲወቃ የተቀላቀለው አፈር ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ እምብዛም አይመጠጥም። ጤፉ ራሱ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ የቦካ እንጀራ ከቂጣ የተሻለ ነው። ሻይ ግን ነገሩን ያበላሻል። ለልጅ ዳቦ በሻይ ነክሮ መስጠት የተለመደ ነው፤ ብረት ለጎደለው ልጅ ከዚህ የባሰ ቁርስ ማሰብ ይከብደኛል። ሥጋና ጉበት ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ይገባል። ምስርና ሽሮ ሲሆን ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን አብሮ ሲኖር ይሻላል።

ወባስ በምን መንገድ ነው ደም የሚቀንሰው?

ብዙ ነገር በአንዴ ያደርጋል። የወባ ጥገኛ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባና ሕዋሱን ያፈነዳል። ጣፊያ ያልተያዙትን ሕዋሶችም ጭምር እየለቀመ ያጠፋል። መቅኔ አዲስ ደም ማምረቱን ያቀዘቅዛል። ሄፕሲዲንም ይጨምራል። መንጠቆ ትል በወራት የሚሠራውን ወባ በቀናት ሊሠራው ይችላል። ከ2,000 ሜትር በታች በሚገኙ ወባማ አካባቢዎች፣ ትኩሳት ያለው የገረጣ ልጅ የትል ክኒን ተሰጥቶት ቤት መዋል የለበትም። በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሐይቅ ዳር ነው የምንኖረው። ቢልሃርዚያ ያሰጋናል?

ጣና፣ ዝዋይና ሐዋሳ አካባቢ የአንጀት ቢልሃርዚያ አለ። የፊኛው ዓይነት ደግሞ እንደ መካከለኛው አዋሽ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ይገኛል። የዚህ ትል እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ ይበሳል። እናት ልብስ ስታጥብ ዳር ላይ የሚንቦጫረቅ ሕፃንም አይቀርለትም። የትሎቹ እንቁላል አንጀትን ወይም ፊኛን እየሰነጠቀ ሲወጣ ደም አብሮ ይወጣል። አንጀትና ጉበት ስለሚቆጣም ብረቱ ይታገታል። በተለመደው የትል ክኒን አይድንም፤ የራሱ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው።

ሳይጠቀስ ማለፍ የሌለበት ነገር፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ እንደሚገድላቸው በጥናት አረጋገጡ። ለዚህ ሥራ እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ልጄ ገና 10 ወሩ ነው፣ ደም አንሶታል ተባልኩ። ትል ይሆን?

በዚህ ዕድሜ ትል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አይደለም። ሕፃን ከእናቱ ማህፀን ይዞት የሚወለደው ብረት ለ6 ወር ገደማ ያቆየዋል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን፣ እናቱም በእርግዝና ጊዜ ደም አንሷት ከነበረ፣ ከዚያ ቀድሞ ያልቅበታል። የጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት በደንብ ቢመጠጥም ጥቂት ነው። ከ6 ወር በኋላ የሚጀመረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን አጥሚትና ገንፎ ነው። ዕድገቱ ደግሞ ፈጣን ነው።

በ2016ቱ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ልጆች 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ከፍተኛው በሶማሌ ክልል 83 በመቶ፣ ዝቅተኛው በአማራ ክልል 42 በመቶ ነበር። መንጠቆ ትል እርጥብ አፈር ይፈልጋል፤ የሶማሌ ክልል አብዛኛው መሬት ግን ደረቅ ነው። ሁሉንም በትል ማሳበብ እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር አላውቅም።

ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። የትል ምልክት ነው?

አይደለም። ከጥንት የመጣ እምነት ነው፤ ትል የሌለባቸው ልጆችም ያፋጫሉ። "ጣፋጭ ስለሚበላ ነው ወስፋት የያዘው" የሚባለውም እንዲሁ ነው። ወስፋት የሚመጣው ከከረሜላው ሳይሆን በሰገራ ከተበከለ አፈር፣ ካልታጠበ እጅና ካልታጠበ አትክልት ነው።

ለደም ማነስ ግን የሚታይ ነገር አለ። የልጁን መዳፍ ከራስዎ መዳፍ ጋር አስተያዩ። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ዝቅ አድርገው ውስጡን ይዩ፤ ነጣ ካለ ያጠራጥራል። ቶሎ ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ጨዋታ አይስበውም። መዳፉ ፍጹም ከነጣ፣ ሳይሮጥ የሚያለከልክ ከሆነ፣ ለመጥባት ወይም ለመብላት አቅም ካጣ ወይም ሰገራው ደም ከሆነ፣ ነገ አይበሉ፣ አሁኑኑ ይውሰዱት።

አፈር ይበላል። ምን ላድርገው?

አይቆጡት። የብረት እጥረት ራሱ አፈር፣ ከሰልና ግድግዳ ያስበላል። አፈሩ ደግሞ የወስፋትና የጅራፍ ትል እንቁላል ይዞ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። ሄሞግሎቢኑን (ደም ማነስ የሚለካበትን የቀይ ደም ንጥረ ነገር) ያስለኩ፣ ሰገራውንም ያስመርምሩ። ብረቱ ሲተካ የአፈር አምሮቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

የሰገራ ምርመራው "ነጻ ነው" አለ። ልመነው?

አንድ ምርመራ ብዙ ያመልጠዋል። ትሎች እንቁላል በየቀኑ በእኩል መጠን አይጥሉም። የተያዘ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቁላል አይታይበትም። በተለያዩ ቀናት እስከ 3 ጊዜ መመርመር ይሻላል። ሰገራው ትኩስ ይሁን፤ የመንጠቆ ትል እንቁላል ሲቆይ ይፈለፈላል፣ በማይክሮስኮፕ ለመለየትም ያስቸግራል።

በደም በኩል የዓለም ጤና ድርጅት የ2024 መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች ከ10.5 በታች፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉት ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች ሄሞግሎቢን ደም ማነስ ነው ይላል። ደጋ የሚኖር ሰው ግን በተፈጥሮው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ስለሚል ማስተካከያ ይደረጋል። አዲስ አበባ ላይ 11.3 ያመጣ የ3 ዓመት ልጅ ወረቀቱ ላይ ደህና ቢመስልም፣ ከፍታው ሲታሰብ ደም ያነሰው ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለውም።

ፌሪቲን የብረት ክምችትን የሚያሳይ ምርመራ ነው። ልጁ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ላይ ሆኖ ከተለካ ግን ያለ አግባብ ከፍ ይላል፣ እጥረቱንም ይደብቃል።

የትል መድኃኒት ከሰጠሁት በቃ፣ ደሙ ይመለሳል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ ትሉን ይገድላል እንጂ የወጣውን ብረት አይመልስም። መድማቱ ይቆማል፣ ክምችቱ ግን ባዶ ነው። ሰፋፊ የጥናት ግምገማዎችም ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ለሁሉም ልጅ የትል ክኒን በጅምላ መስጠት ብቻውን የሄሞግሎቢንን አማካይ ብዙም አይቀይረውም። ብዙ መንጠቆ ትል ላለበት ልጅ ግን ልዩነት ያመጣል። ክኒኑ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ብቻውን አይበቃም ነው።

ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ አልቤንዳዞል 200 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 400 ነው። ከ1 ዓመት በታች በዘመቻ አይሰጥም። በአገራችን ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ከቫይታሚን ኤ ጋር በየ6 ወሩ ያገኙታል፤ ጤና ኬላው ሲጠራ ይሂዱ። ሌላው የትል ክኒን ሜቤንዳዞል አንድ ጊዜ ብቻ ሲሰጥ መንጠቆ ትልን በደንብ አያጠፋም። ጅራፍ ትል ደግሞ ለሁለቱም እልኸኛ ነው። ልጁ ወደዚያው የተበከለ ግቢ ከተመለሰም እንደገና ይያዛል። ጫማ፣ ሽንት ቤትና እጅ መታጠብ ያልተጨመረበት ክኒን በየ6 ወሩ ከዜሮ ይጀምራል።

አይረኑን እንዴት ልስጠው?

መጠኑን ባለሙያ በኪሎው ያሰላዋል። ለሕክምና ብዙ ጊዜ በቀን በኪሎ 3 ሚሊግራም ንጹሕ ብረት ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ብረቱ ያለበት የጠቅላላ ውህዱ መጠን ሊሆን ስለሚችል በራስዎ አይገምቱ። ከወተትና ከሻይ ይራቅ፣ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ወር ውስጥ ሄሞግሎቢኑ ቢያንስ በ1 ግራም መጨመር አለበት። ካልጨመረ ወይ መድኃኒቱ እየተሰጠ አይደለም፣ ወይ ደም የሚፈስበት ነገር አለ፣ ወይ ምክንያቱ ሌላ ነው። ልጁ ፊቱ ቀላ ብሎ መጫወት ሲጀምር ብዙ ወላጅ ያቆማል። ክምችቱ እንዲሞላ ግን 2 ወይም 3 ወር መቀጠል አለበት።

ሰገራው ይጠቁራል፣ አይደንግጡ። ጥርስ ላይ ጥቁር ነገር ከቀረ ይቦረሻል። ጠርሙሱን ግን ከፍ አድርገው ይቆልፉበት፤ ብዙ አይረን በአንዴ የጠጣ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ወባ ባለበት አካባቢ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በዛንዚባሯ ፔምባ ደሴት ተሠርቶ በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ብረትና ፎሊክ አሲድ በጅምላ ከተሰጣቸው ልጆች መካከል ሆስፒታል የገቡትና የሞቱት ጨምረው ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት በወባማ ቦታ ብረት ከወባ መከላከልና ሕክምና ጋር አብሮ እንዲሰጥ ይመክራል። ከፍተኛ የምግብ እጥረት ላለበት ልጅም በሕክምናው የመጀመሪያ ቀናት ብረት አይሰጥም።

ኮሶ ወይም እንቆቆ ብሰጠውስ?

ለሕፃን አይሆንም። ሁለቱም መጠናቸው የማይታወቅ ጠንካራ መድኃኒቶች ናቸው፤ ኮሶ ዓይንን እስከመጉዳት ይደርሳል። ደግሞም የሚጠጡት ከጥሬ ሥጋ ለሚመጣው የኮሶ ትል ነው፤ እሱ ደም ጠጪ አይደለም።

ውጭ አገር ነው የምንኖረው። እኛንም ይመለከተናል?

ልጁ ከኢትዮጵያ በቅርብ ከመጣ ወይም ክረምቱን አያቶቹ ጋ ገጠር ከርሞ ከተመለሰ፣ አዎ። ለሐኪሙ የት እንደነበረ፣ በባዶ እግሩ ይሄድ እንደነበር፣ ሐይቅ ገብቶ እንደሆነ ይንገሩት። ካልነገሩት ላያስበው ይችላል። የደም ምርመራው ላይ ኢኦሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከጨመረ የትል ጥርጣሬውን ያጠናክራል። በስደተኝነት ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ብዙ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት የትል መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ በሌላ ቪዛ የሄደ ቤተሰብ ግን ይህ ላይደርሰው ይችላል።

እዚያው ተወልዶ አገር ቤት ረግጦ የማያውቅ ልጅ ደም ካነሰው ግን ከትሉ በፊት ጡጦውን ይጠርጥሩ። የላም ወተት ውስጥ ብረት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ሆዱን ሞልቶም ምግብ ያስተወዋል። ከ1 ዓመት በፊት ሲሰጥ አንጀትን በጥቂቱ ሊያደማም ይችላል። 1 ዓመት ከሞላው በኋላ በቀን ግማሽ ሊትር ይበቃዋል።